በቀን ሠላሳ ሳንቲሜትር

ሴፕቴምበር 2 ቀን ጠዋት የተርቦቹ ሣጥን ማገዶ ቤቱ ጣሪያ ሥር፣ ከወንድሜ መስኮት 13 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር ርቆ ተቀምጦ ነበር። በሩ ወደ ሸለቆው ይመለከታል። ፀሐይ ሣጥኑን ካገኘችው በኋላ ለአሥር ደቂቃ ቆሜ ቆጠርኩ፤ በአማካይ በደቂቃ 46 ተርቦች ይወጣሉ፣ 44 ይገባሉ። ሙቀቱ 22 ዲግሪ ነበር፤ ነፋስ የለም። በዚያው ጠዋት ሴይጂን ከነዊልቸሩ የሩዝ ጆንያ በምንመዝንበት የወለል ሚዛን ላይ አወጣነውና የዊልቸሩን 14.2 ኪሎ ስንቀንስ 50.1 ኪሎ ሆነ። ሁለቱንም በአንድ ደብተር፣ በአንድ ገጽ ላይ ጻፍኩ፤ የተርቦቹን በግራ፣ የወንድሜን በቀኝ።

ሴይጂ ታናሼ ነው፤ በስድስት ዓመት እበልጠዋለሁ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት ከመንደራችን በላይ ያለውን የግድብ ውኃ ከፍታ ጠዋትና ማታ አነብ ነበር። እሱ ጣሪያ ሠሪ ነው። በእኛ ተራሮች ሄቦ የምንላትን ትንሿን ጥቁር የምድር ተርብ ማደን ሁሉም ሰው ያደገበት ነገር ነው። በበጋው መጀመሪያ፣ ጎጆዋ ገና ጡጫ በምታህልበት ጊዜ፣ ከጉድጓዷ አውጥተን በሣጥን ግቢያችን እናስገባታለን። እስከ ኖቬምበር የዶሮ ጉበትና ስኳር ውኃ እየሰጠን እናሳድጋታለን፤ ከዚያ እጮቿን ከሩዝ ጋር ቀቅለን እንበላለን።

ጎጆዋን የምናገኘው በክር ነው። ምስር የምታህል የሥጋ ድብልብል ላይ ቀጭን ነጭ ክር እናስራለን። ተርቧ ሥጋውን በመንጋጋዋ ይዛ ወደ ጎጆዋ ስትበር ክሩ ከኋላዋ ይታያል። አንዱ ያስራል፣ ሌላው ክሩን እያየ ይሮጣል። እኔ አሳሪ ነኝ፤ ሴይጂ ሯጭ ነበር። አርባ ስምንት ዓመት እንዲህ ሠርተናል።

የክሩ ልክ አራት ሳንቲሜትር ነው። ጁን 27 ቀን ነፋስ ስለነበረ ክሩ ሁለት ተርቦችን አወዛውዞ ሥጋውን አስጣላቸው። ሦስተኛውን ሁለት ሳንቲሜትር አድርጌ ቆረጥኩት። ተርቧ አንዴም ሳትንገዳገድ ይዛው ሄደች። ሴይጂ ፊቱን ወደ ሰማይ አንጋጦ ተከተላት፤ ሰው የተወውን የሩዝ እርከን አቋርጦ ሄደና ከድንጋይ ግንቡ ጫፍ ወደቀ። የግንቡ ቁመት 2 ሜትር ከ30 ነው፤ በኋላ ሄጄ ለክቼዋለሁ። ከደረቱ በታች ያለው አካሉ አይሰማውም። ግራ እጁ ከክርኑ ይታጠፋል፤ ጣቶቹ ግን አይታዘዙትም።

ሆስፒታል በገባ በአራተኛው ቀን ብቻዬን ወደዚያ ቦታ ተመልሼ አራት ሳንቲሜትር ክር አሰርኩ። ጎጆዋ ከግንቡ ስድሳ ሜትር ወዲያ ነበረች። ቆፍሬ አወጣኋትና ማገዶ ቤቱ ሥር አስቀመጥኳት። ለምን እንዳደረግኩት አሁንም በትክክል መናገር አልችልም።

ሴይጂ ኦገስት 29 ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ 51.4 ኪሎ ነበር። ሐኪሙ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ከወረደ ሆስፒታል ተመልሶ ሆዱ ውስጥ የምግብ ቱቦ እንደሚገባለት ነገረን። ሴይጂ በአክብሮት "እሺ ዶክተር" አለ። የሐኪሙ መኪና ከግቢው እንደወጣ ወደ እኛ ዞረ።

"አልሄድም። እንደ ጎማ በቱቦ አልነፋም።"

"ታዲያ ብላ" አለች ሚስቱ ሚሳዮ።

"ነገ።"

ነገም አራት ማንኪያ ነበር። በማግስቱ አምስት። የታመመው ሆዱ አልነበረም። አፉን የሚከፍትበት ምክንያት ነው ያጣው።

በሴፕቴምበር 2 ቀን፣ ሚዛኑን አንብቤ ስጨርስ፣ "ጋሼ፣ በሩ በደቂቃ ስንት ነው?" አለኝ።

"አርባ ስድስት።"

"ትዋሻለህ። ገና በሴፕቴምበር መጀመሪያ አርባ ስድስት?"

"መጥተህ ቁጠራ" አልኩ፤ ወዲያውም ምላሴን ነከስኩ።

እሱ ግን ሳቀ፤ ከወደቀ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። "እኔ ልምጣ እንዴ? አንተ አምጣልኝ እንጂ። ያን በር ፊቴ አድርግልኝና የሰጣችሁኝን እበላለሁ።"

የተርብ ሣጥን ግን እንዲሁ ተነስቶ አይመጣም። ተርብ የምታውቀው ጎጆዋ ያለበትን ቦታ እንጂ ጎጆዋን አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጣ ወዲያው አትሄድም፤ ዞር ብላ ፊቷን ወደ በሩ ታደርግና ግራና ቀኝ እየተወዛወዘች ወደ ኋላዋ ትበራለች። ቅስቱን እያሰፋች፣ ከፍ እያለች፣ ዛፉን፣ ድንጋዩን፣ የጣሪያውን ጠርዝ ትመዘግባለች። ይህ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ከዚያ በኋላ በሕይወቷ ሙሉ አትዞርም፤ ወጥታ በቀጥታ ትሄዳለች፣ በቀጥታ ትመለሳለች። ሣጥኑ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ፈልጋ ታገኘዋለች። ብዙ ከተንቀሳቀሰ ድሮ በነበረበት ባዶ አየር ላይ ስታንዣብብ ትውላለች። አርቢዎቻችን በቀን ከሠላሳ ሳንቲሜትር አያሳልፉም፤ ያም የሚሆነው ተርቦቹ በበረሩበት ቀን ብቻ ነው።

ሣጥኑ ከመስኮቱ መስታወት ዘጠና ሳንቲሜትር ላይ እንዲቆም 12 ሜትር ከ30 መሄድ ነበረበት። አካፈልኩት።

"አርባ አንድ ቀን" አልኩት።

"አርባ አንድ ቀን? ቀንድ አውጣ እኮ በማግስቱ ደርሶ ሻይ ጠይቆ ነበር።"

ሚሳዮ ከጓዳ ሆና ሰማችን። "ጥሩ፤ አንተም አርባ አንድ ቀን ትበላለህ። በየሠላሳ ሳንቲሜትሩ አንድ ሳህን።"

"በትንሹ ሳህን።"

"በመካከለኛው።"

"ጋሼ፣ ይቺን ሴት ገበያ የላካት ማነው?"

"በመካከለኛው" አለች ሚሳዮ፤ በዚያው ጸና።

መካከለኛው ሳህን እንቁላል የተመታበት ቀጠን ያለ የሩዝ ገንፎ 210 ግራም ይይዛል። ማገዶ ቤቱንና መስኮቱን በሁለት ሳንቃ አገናኝቼ በየሠላሳ ሳንቲሜትሩ በእርሳስ መስመር አሰመርኩ። በየምሽቱ፣ የመጨረሻዋ ተርብ ስትገባ፣ ሣጥኑን በሁለት እጄ ይዤ ወደሚቀጥለው መስመር አንሸራትታለሁ። ከዚያ ገብቼ "ሆኗል" እላለሁ፤ ሚሳዮ ሳህኑን ታመጣለች። በሁለተኛው ሳምንት የሴይጂ ክብደት መውረዱን አቆመ። ሴፕቴምበር 17 ቀን 48.4 ነበር፤ ሴፕቴምበር 22 ቀን 48.5።

ሣጥኑ ከማገዶው ክምር አልፎ ከመስኮቱ መታየት ሲጀምር ሴይጂ ቀኑን ሙሉ ወደዚያው ሲያይ ይውላል። በሩ ባይታየውም የሚመጡትንና የሚሄዱትን ያያል። ጉበቱን በእንጨት ሰክቼ ስተክል ከውስጥ ይጮህብኛል።

"በጣም ወፍራም ነው። ስትቆርጠው ቀኑ ይመሻል።"

"መንጋጋ አላት።"

"አንተም ጥርስ አለህ፤ ሚስቴ የጠበሰችውን ዓሣ ግን ስትታገል አይቻለሁ።"

"ሰማሁህ" ይላል የሚሳዮ ድምፅ ከጓዳ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚሳዮ ስታጎርሰው ሁለት ተርቦች ከጉበቱ ሥጋ እየቆረጡ ነበር። እሱ እነሱን እያየ አፉን መክፈት ረሳ።

"ትልቋ ሥጋውን እንደማትበላው ታውቂያለሽ?" አላት። "ወገቧ ክር ነው፤ አያሳልፍም። አኝካ ለእጯ ትሰጣለች። እጯ ጠግባ ከአፏ ጠብታ ፈሳሽ ትመልስላታለች። ትልቋ የምትኖረው በዚያች ጠብታ ነው።"

"ደግ ልጅ ናታ።"

"እኔስ ለማን ነው ጠብታ የምሰጠው?"

ሚሳዮ ማንኪያውን ወደ አፉ አስጠጋች። "አፍህን ክፈት" አለችው።

ውሉ አንድ ጉድለት ነበረው፤ ያንንም ከመጀመሪያው ማየት ነበረብኝ። ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ሣጥኑ አይንቀሳቀስም። ሴይጂም አይበላም። "አንተ ካልተንቀሳቀስክ እኔም አልንቀሳቀስም" ይላል፤ ለቀልድ ነበር የጀመረው፣ ኋላ ግን ቀልድነቱ ቀረ። እስከ ሴፕቴምበር 27 ድረስ ዝናቡ የወሰደብን ሦስት ቀን ብቻ ነበር። በ22 እርምጃ 6 ሜትር ከ60 ሄደናል። በሩ በደቂቃ 71 ደርሷል። ሴይጂ 48.6 ኪሎ ነበር። ደብተሩን ስዘጋ፣ እችለዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር።

ሴፕቴምበር 28 ቀን የመኸሩ ዝናብ ገባና ለአምስት ቀን አላቋረጠም። ሴይጂ በመጀመሪያው ቀን ሰባት ማንኪያ በላ፤ በሁለተኛው ሦስት፤ ትኩሳትም ጀመረው። በሦስተኛው ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ሳለሁ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳያነሳ ጠየቀኝ።

"ስንት አድርገህ ነበር የቆረጥከው?"

የሚጠይቀው ምን እንደሆነ ገባኝ። "ሁለት ሳንቲሜትር።"

"ልኩ አራት ነበር።"

"ነፋስ ነበር። ሥጋውን እየጣሉት ነበር።"

"አጭር መሆኑን አይቻለሁ። ገና ከእጅህ ስትነሳ ነው ያየሁት።"

"ታዲያ ለምን ሮጥክ?"

"አንተ ነሃ ያሰርከው። አስልቶታል አልኩ።" ከዚያም፣ "እንዳትጠፋብኝ ግን በጣም መቅረብ ነበረብኝ። ዓይኔን ለአፍታ መንቀል አልቻልኩም" አለ።

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ያን ቀን ማታ ምንም አልቀመሰም። እኔም ሚሳዮ ያቀረበችልኝን አልበላሁም፤ ምሳዬን ግን በልቼ ነበር፤ ያንንም አልክድም።

ኦክቶበር 2 ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራ። ሴይጂ 46.3 ኪሎ መዘነ። ሣጥኑ 5 ሜትር ከ70 ይቀረዋል፤ አሥራ ዘጠኝ የበረራ ቀን ማለት ነው። በአምስት ቀን 2.3 ኪሎ የቀነሰ ሰው አሥራ ዘጠኝ ቀን እንደማይቆየኝ ለማወቅ እርሳስ አላስፈለገኝም።

አርቢዎቻችን አንድ ሌላ ዘዴ ያውቃሉ። ተርቦች ሦስት ቀን ሙሉ ሳይወጡ ከተዘጋባቸው ቦታውን ይረሳሉ፤ ሲከፈትላቸው እንደ አዲስ ዞረው ያያሉ፤ ያኔ ሣጥኑን የትም ማድረግ ይቻላል። እኔ አልዘጋሁባቸውም፤ ዝናቡ ግን አምስት ቀን ዘግቶባቸዋል አልኩ። ደብተሩን ገለጥኩ። ዝናቡ ቀለል ባለባቸው ሰዓቶች የጻፍኩት ቁጥር በደቂቃ 3 ነበር። ከ71 አንጻር 3ን ዜሮ ብዬ ወሰድኩት። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ሳንቲሜትር ውኃ ዜሮ ብዬ አላውቅም። በደቂቃ 3 በሰዓት 180 ነው፤ በአምስት ቀን ሁሉም በየተራ ወጥተው መግባት ይችላሉ። ይህን ማባዛት ሁለተኛ ክፍል እያለሁም እችል ነበር። በዚያ ቀን አላባዛሁም።

ሲመሻሽ ሣጥኑን አንስቼ ከመስታወቱ ዘጠና ሳንቲሜትር ላይ፣ ከሴይጂ ዓይን ጋር እኩል በሆነ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። በሩንም ከሸለቆው መልሼ ወደ መስታወቱ አዞርኩት። እንዲያይ ነበር።

በማግስቱ ሰማዩ ጠራ። ሚሳዮ ሴይጂን ቀና አድርጋ በትራስ ደገፈችው። በሩ ላይ ሁለት ጠባቂ ተርቦች አንቴናቸውን ሲያወዛውዙ አየ።

"ሳህኑን አምጪ" አለ።

"የትኛውን?" አለች ሚሳዮ።

"መካከለኛውን ነዋ። ውል ውል ነው።"

ሁሉንም በላ፤ 210 ግራም። የሳህኑን ግድግዳ በማንኪያ እንድትጠርግለት ጠየቃት። ሚሳዮ ፊቷን አዞረችና መጋረጃውን የምታስተካክል መሰለች።

ከዚያ ፀሐይ ሣጥኑ ላይ ደረሰች። የመጀመሪያዋ ተርብ ወጣች። በሩ ጠርዝ ላይ ቆማ ፊቷን በእግሯ ጠረገች፤ ተነሳችና በሣጥኑ ጣሪያ ላይ ታጥፋ በቀጥታ ወደ ሸለቆው ሄደች። አልዞረችም። ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ፣ አሥረኛዋም አልዞሩም።

"ዞራ አላየችም" አለ ሴይጂ ቀስ ብሎ።

"ማንን ታያለች? ሥራዋን ሄደች፤ ደስ አይልህም?" አለች ሚሳዮ።

እኔና እሱ ተያየን።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መመለስ ጀመሩ፤ የተመለሱት ግን ወደ ሳንቃው ሃያ ሁለተኛ መስመር ነበር። ከመሬት በስድሳ ሳንቲሜትር ከፍታ፣ በሩ በነበረበት ባዶ አየር ላይ፣ በመንጋጋቸው ሥጋ እንደያዙ አንዣበቡ። ባዶው ሳንቃ ላይ ያርፋሉ፣ ይነሳሉ፣ መልሰው ያርፋሉ። ቦታው ከሴይጂ መስኮት ጎልቶ ይታያል። ቀትር ሲቃረብ እዚያ ያለው ደመና የሚትጎለጎል ጭስ መሰለ፤ ከሣጥኑ የሚወጡት ደግሞ በደቂቃ ወደ 9 ወርደው ነበር፤ የወጡት አልተመለሱማ።

ሣጥኑን ወደ ድሮው መስመር ልመልስ ጓንቴን አጠለቅኩ። ያኔ ቢመለስ አብዛኛዎቹ ይገቡ ነበር። ሚሳዮ በረንዳው ላይ ባዶውን ሳህን ይዛ ቆመችብኝ።

"ጋሼ ኢዋኦ፣ ይዩት። ጨርሶታል። ራሱ ጠይቆ ነው። አሁን ቢወስዱበት ነገ ምን ብዬ ልለምነው?"

"ሚሳዮ፣ እነዚያ ካልገቡ ሣጥኑ ያልቃል።"

"ይለቁዋ። ተርብ ናቸው።"

ሳህኑን አየሁት። ከተርቦቹ ከአሥሩ አራቱ እስከ ማታ ይገባሉ ብዬ ገመትኩ፤ ለዚህ ግምት ምንም መነሻ አልነበረኝም። ሴይጂን አልጠየቅኩትም። ጓንቴን አወለቅኩ።

ሲመሽ ሳንቃው ላይ ተከማችተው ተቃቅፈው ነበር። በለስላሳ ብሩሽ እየጠረግኩ በሣጥኑ በር ፊት አፈሰስኳቸው፤ ሙቀት የቀራቸው ገቡ። ብዙዎቹ ከሣሩ ውስጥ ሳላያቸው ቀሩ። ንጋት ላይ ሙቀቱ 5 ዲግሪ ነበር። ሳንቃውና ሣሩ ላይ 587 ሞተው ቆጠርኩ።

በሣጥኑ ውስጥ የቀሩት እጮቹን የሚንከባከቡ፣ ገና ወጥተው የማያውቁ ነበሩ። ጉበት ከበሩ አምስት ሳንቲሜትር ላይ አስቀመጥኩ። ጥቂቶቹ ወጥተው፣ ዞረው አይተው፣ መቁረጥ ጀመሩ፤ ለዚያ ሁሉ እጭ ግን አይበቁም። የራባቸው ተርቦች ከእጮቹ አፍ ጠብታ ይለምናሉ፤ እጮቹም ያልበሉትን መስጠት አይችሉም። በሦስተኛው ቀን ተርቦቹ እጮቹን ከየቤታቸው እየጎተቱ ማውጣት ጀመሩ። ነጫጭ፣ ወፍራም፣ ገና የሚላወሱ እጮችን በሩ ላይ አምጥተው ይጥሏቸዋል፤ የሚወድቁት መደርደሪያው ላይ፣ በሴይጂ ፊት ነበር።

ሚሳዮ መጋረጃውን ልትስብ ተነሳች።

"ተዪው" አላት።

"ምኑን ነው የምታየው?"

"ተዪው አልኩሽ።"

ሣጥኑ መስኮቱ ጋ ከደረሰ በኋላ የሚከፈል ሠላሳ ሳንቲሜትር አልነበረም። ከዚያ ጠዋት ሳህን በኋላ ሌላ ሳህን አልበላም። በማንኪያ ስንቀርበው አፉን በትሕትና ይዘጋል፤ እኛን እንዳያስቀይም የሚጠነቀቅ ይመስላል። ውኃ ብቻ ይቀበላል። አንድ ጊዜ እኔ ማንኪያውን ይዤ ለሃያ ደቂቃ ተቀመጥኩ።

"ጋሼ፣ ክንድህ ይዝላል።"

"አይዝልም።"

"ዛሬ የተጣሉት እጮች ስንት ናቸው?"

"አርባ ሦስት።"

"አርባ አምስት። ሁለቱ ከመደርደሪያው ኋላ ወድቀዋል፤ ከቆምክበት አይታዩህም።"

ወጥቼ አየሁ። አርባ አምስት ነበሩ። ስመለስ ገንፎው ቀዝቅዞ ቆዳ አውጥቶ ነበር።

"ሁለት ሳንቲሜትሩን እንደገና ልቆርጠው ብችል" አልኩት፣ ዓረፍተ ነገሩን ግን እንዴት እንደምጨርሰው አላውቅም ነበር።

"አትጀምር" አለ። "ደክሞኛል።"

ኦክቶበር 12 ቀን ለሠላሳ ደቂቃ በሩ ላይ ቆሜ ቆጠርኩ። የወጣ የለም፣ የገባ የለም። ሴይጂም አብሮኝ ሲቆጥር ነበር። "ዝጋው" አለኝ፤ በሩን በቡሽ ደፈንኩት። ሣጥኑን ከመደርደሪያው ሳወርደው ክብደቱ በእጄ አልተሰማኝም።

በ13ኛው ቀን ሚሳዮ ሆስፒታል ደወለች። የሚያጓጉዙት ሰዎች በማግስቱ እንደሚመጡ፣ ሐኪሙ ካለው 45 ኪሎ ወርዶ እንደሆነ ለማየትም ከመምጣታቸው በፊት እንድንመዝነው ነገሯት። ሴይጂ ስልኩን ሲሰማ አልተቃወመም። አልሄድም ማለቱን ትቶት ነበር። ከሁሉ ያስፈራኝ ያ ነው።

ኦክቶበር 14 ቀን ጠዋት ሚዛኑ ከዊልቸሩ ጋር 58.1 አሳየ። ሴይጂ 43.9 ኪሎ ነበር።